ከአደን ጥይት እርሳስ ይውጣ

ደጋ አጋዘን ለማደን ከውጭ አገር የሚመጣ ሰው ለአንድ ወንድ አጋዘን ብቻ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ለመንግሥት ይከፍላል። የአውሬው ዓይነት፣ የአደኑ ቀጠና፣ የጠመንጃው ቁጥር ይመዘገባል። ጠባቂ ይመደብለታል። አውሬው ከወደቀ በኋላ ቀንዱ በሜትር ተለክቶ ይጻፋል። አረሩ ከምን እንደተሠራ ግን በሥራ ዘመኔ ሲጠየቅ አልሰማሁም። እኔ ደግሞ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት እሱ ነው እላለሁ። ቀንዱ ከአዳኙ ጋር ባሕር ይሻገራል፤ እርሳሱ ግን እዚሁ ይቀራል።

የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ከተራራው ግርጌ ነው። ለሐዋሳ ሰው ስለ አሞራ ማውራት አይከብድም። የዓሣ ገበያችን ስሙ ራሱ አሞራ ገደል ነው፤ ልጆቻችን አባ ኮዳ ከዓሣ አጥማጁ ጎን ቆሞ ቁርጥራጭ ሲጠብቅ እያዩ ነው ያደጉት። ፀሐይ ሞቅ ስትል ጥንብ አንሳዎች ከታቦር አናት በላይ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ከፍ ይላሉ። የት እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከሻሸመኔ ወዲያ ባለው የሙነሳ ደንና በባሌ የአደን ቀጠናዎች ውስጥ ዱካ ተከታይም ቆዳ ገፋፊም ሆኜ ሠርቻለሁ። ቢላዬን አስቀምጬ ፈቀቅ ስል መጀመሪያ የሚወርዱት እነሱ ነበሩ።

ስለ ጥይት የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ከአንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ጥይቱን ከሱቅ አይገዛም ነበር፤ ቤቱ ውስጥ በእጁ ነው የሚሞላው። ፈረንጆቹ አገር ይህ እንደ ዓሣ ማጥመድ የተለመደ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። የጥይት ሳጥኑ ክዳን ውስጥ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ለጥፏል፤ የአረሩ ዓይነትና ክብደት፣ የባሩዱ ስምና ልክ፣ የካብሱሉ ዓይነት፣ ቀለሁ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ። ማታ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብለን በአስተርጓሚ ሲያስረዳኝ እኔም አልጠገብኩም፣ እሱም አልሰለቸውም።

ጥይት አራት ነገር ነው። ናሱ ቀለህ፣ ከሥሩ የምትቀመጠው ካብሱል፣ ውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከአፉ ላይ የተሰካው አረር። ምላጩ ሲሳብ መርፌው ካብሱሏን ይመታል፤ ካብሱሏ ባሩዱን ታቀጣጥላለች፤ ባሩዱ ጋዝ ሆኖ አረሩን ይገፋል። ናሱ በዚያች ቅጽበት ይለጠጥና የጠመንጃውን ጉሮሮ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ ጋዙ ወደ ተኳሹ ዓይን እንዳይመለስ የሚያደርገው ይህ ነው። የተለጠጠ ቀለህ ዳግም ከመሞላቱ በፊት በብረት ልክ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ቀድሞ መጠኑ መመለስ አለበት። የጠመንጃ ቀለህ አንገት ስላለው በተተኮሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይረዝማል፤ ተለክቶ ካልተከረከመ አፉ አረሩን ጨምድዶ ይይዝና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ስንጥቅ የታየበት ቀለህ ይጣላል፤ እሱ ላይ መቆጠብ የለም።

የሽጉጥ ቀለህ ቀጥ ያለ ስለሆነ ሥራው ይቀላል። አደጋው ግን ሌላ ቦታ ተደብቋል። የሽጉጥ ባሩድ ፈጥኖ የሚነድ ነው፤ ልኩም ጥቂት ስለሆነ ቀለሁን አይሞላውም። ሐሳቡ የተከፈለ ሰው ሳያውቅ ሁለቴ ቢጨምርበት ከላይ ሲያዩት ላያስታውቅ ይችላል፤ ያ ጥይት ሽጉጡን በተኳሹ እጅ ላይ ይበትነዋል። የትልቅ ጠመንጃ ባሩድ በአንጻሩ ቀስ ብሎ የሚነድ ነው፤ ረጅሙን አፈሙዝ ተከትሎ አረሩን እስከ ጫፍ መግፋት ስላለበት። የሽጉጡን ፈጣን ባሩድ በጠመንጃ ቀለህ መሙላት ማለት መሣሪያውን ማፈንዳት ነው። ካብሱሉም እንዲሁ፤ የጠመንጃው ቆቡ ወፈር ያለ ነው፣ የሚሸከመው ግፊት ስለሚበልጥ። ሽማግሌው ባሩድ ሲመዝን ሬዲዮ እንኳ አያስከፍትም ነበር አለኝ። በሥራው ቦታ ላይ አንድ የባሩድ ጣሳ ብቻ፤ ሌላው ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ።

ይህን የምጽፈው የአገራችን ሰው ቤቱ ሄዶ ጥይት እንዲሞላ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረትንም መሸጥንም ይከለክላል፤ በየሜዳው የሚወድቀው የክላሽ ቀለህም አብዛኛው ብረት ስለሆነና የካብሱሉ መቀመጫ ለማውጣት የማይመች ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይውልም። የምጽፈው የአደን ጥይት ከየትኛው ክፍሉ እንደሚመርዝ አንባቢው ለይቶ እንዲያውቅልኝ ነው። ቀለሁ ከአዳኙ ጋር ይመለሳል። ባሩዱ ነዶ ያልቃል። ሥጋው ውስጥ የሚቀረው አረሩ ብቻ ነው፤ አረር ደግሞ ምርጫ ነው። በእጁ የሚሞላ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፣ አንዱን ትቶ ሌላውን ያነሳው ራሱ ነውና።

እርሳስ በእኛ አገር አዲስ እንግዳ አይደለም። አያቴ ፉዚግራ የሚባለው የድሮ ጠመንጃ ነበራቸው። በአጼ ምኒልክ ዘመን የፉዚግራ ጥይት በደቡብና በምዕራብ ገበያዎች ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራ ነበር፤ የተተኮሰበት ቀለህም ተለቅሞ ባሩድና እርሳስ እየተጨመረበት ዳግም ይተኮሳል። ከጥይት መሙላት ጋር የተዋወቅነው ከፈረንጆቹ አዳኞች በፊት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ እርሳስ ያኔ ምን አደረገ የሚለኝ ይኖራል፤ መልሱ ፍጥነት ነው። የፉዚግራ አረር 11 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 25 ግራም ክብደት ያለው እርሳስ ነበር፤ በጥቁር ባሩድ ተገፍቶ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነበር የሚጓዘው። በዚያ ፍጥነት እርሳስ ሲመታ ይጨፈለቃል እንጂ እንደ ዛሬው አይበታተንም። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባ ባሩድ ከሠራ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ አዳኝ የሚይዘው ጠመንጃ አረሩን በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ያስወነጭፋል። አረሩ ቀጭን የመዳብ ልባስ ያለው፣ ሆዱ እርሳስ የሆነ፣ ጫፉ ሆን ተብሎ ክፍት የተተወ ነው፤ ሥጋ ሲነካ እንዲፈርጥ። ሲፈርጥ እርሳሱ ቅንጣት ቅንጣት ሆኖ ከቁስሉ ዙሪያ ርቆ ይረጫል። አብዛኛው ቅንጣት በዓይን አይታይም።

አንድ ጊዜ ቀላልና በጣም ፈጣን አረር ይዞ የመጣ አዳኝ አስታው ውስጥ የቆመ ትልቅ ወንድ አጋዘን ትከሻው ላይ መታ፤ ከቅርብ ርቀት። አረሩ የትከሻው አጥንት ላይ ተሰባብሮ ወደ ሳንባው አልደረሰም። አጋዘኑ ተነስቶ ቁልቁል ወደ ጥቅጥቁ የኮሶ ደን ገባ። እስኪመሽ ደሙን ተከተልን፣ ጠፋብን። በማግስቱ ያሳዩን ጥንብ አንሳዎቹ ናቸው፤ ስንደርስ ትከሻውንና ሆዱን ጨርሰውታል። ቀንዱ ተወሰደ፣ የቀረው ለእነሱ ተተወ። የተረፈውን የትከሻ ሥጋ ስቆርጥ ቢላዬ ላይ ግራጫ ቅንጣት ተጣበቀ፤ በጣቴ ስጨምቀው ለስላሳ ነው። የበሉት ይህን ነው።

የሽማግሌው አረር እርሳስ አልነበረውም። ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳብ ነው። ራንዲ ብሩክስ የሚባል አሜሪካዊ የሠራው በርንስ ኤክስ የተባለው አረር እ.ኤ.አ. በ1989 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች ይህን ዓይነት ይሠራሉ። የእሱ አጋዘን በቆመበት አልወደቀም፤ ጥቂት ሮጦ ነው የወደቀው። ቆዳውን ስገፍ አረሩን ከወዲያኛው ጎን ከቆዳው ሥር አገኘሁት፤ ጫፉ አራት ቅጠል ሆኖ ወደ ኋላ ተከፍቷል፣ አንዱም አልተገነጠለም። በባሩድ ሚዛኑ መዘነው፤ ከመተኮሱ በፊት ከነበረው እምብዛም አልጎደለም። በአረሩ መንገድ ላይ ያለውን ሥጋ ሁሉ ቆራርጬ ፈለግሁ፤ ቢላዬ አንድም ብረት አልነካም።

የጥንብ አንሳ ጨጓራ አጥንት የሚያሟሟ ነው። በባሌ ተራሮች አጥንት ከሰማይ እየለቀቀ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው ጢማሙ ጥንብ አንሳ የዕለት ምግቡ አጥንት ነው። ያ አሲድ እርሳሱንም ያሟሟውና ወደ ደሙ ያስገባዋል። እርሳስ የገባበት ወፍ ወዲያው አይሞትም፤ ክንፉ ይዝላል፣ ጨጓራው መፍጨት ያቆማል፣ ምግብ እያለ በረሃብ ያልቃል። ማንም ሳያየው ገደል ውስጥ ስለሚሞት የሚቆጥረው የለም።

ማስረጃው የኔ ቢላ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች በጥይት የተገደሉ አጋዘኖች በራጅ ታይተው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት፣ አዳኞች ዱር ውስጥ ጥለዋቸው ከሄዱት 20 የሆድ ዕቃ ክምሮች ውስጥ 18ቱ የእርሳስ ቅንጣት ተገኝቶባቸዋል፤ በአንዳንዶቹ ከመቶ በላይ። በቦትስዋና እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2015 ድረስ ከ500 በላይ ጥንብ አንሳዎች ተይዘው ደማቸው ሲመረመር ሲሶ ያህሉ ከልክ በላይ እርሳስ ነበረባቸው፤ መጠኑም በአደን ወቅትና በአደን ቀጠናዎች ይጨምር ነበር። ይህ አፍሪካ ውስጥ፣ ከውጭ የሚመጡ አዳኞች በሚያድኑበት አገር የተደረገ ምርመራ ነው። ወፉም የእኛው ወፍ ነው፤ ያው ዝርያ ከስንቀሌ የቆርኬ መጠለያ እስከ ሐዋሳ ሰማይ ይበራል። ካሊፎርኒያ ኮንዶር የተባለውን ትልቅ አሞራዋን ለማዳን ብላ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በግዛቷ ሁሉ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች። ዴንማርክ ትናንሽ የእርሳስ ድብልብል ጥይትን እ.ኤ.አ. በ1996፣ የጠመንጃ እርሳስን በ2024 አስቀርታለች። አዳኞቻቸው ማደናቸውን አልተዉም።

ጥንብ አንሳ ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ሕንድ አይታዋለች። ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አብዛኞቹን ጥንብ አንሳዎቿን ፈጃቸው፤ ሬሳውን ውሻ ወረሰው፤ ውሻው በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ተከተለ። እኛ ደግሞ በየከተማው ቄራ ዳር ያለውን ውሻ እናውቀዋለን። በአፍሪካ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በ30 ዓመት ውስጥ በአማካይ ከግማሽ በላይ እንደቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት አስልቷል። እኛ ዘንድ ከሚኖሩት ውስጥ ነጭ ጀርባው፣ የሩፔል የሚባለውና ከተማ ውስጥ የምናየው ትንሹ ባለ ቆቡ ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡት የመጨረሻ ደረጃ ላይ ተመዝግበዋል።

ስለ ሰውም ልናገር፤ ሥጋው አይጣልምና። አርሲና ባሌ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ስለሆነ አጋዘኑ ነፍሱ ሳይወጣ ቢስሚላህ ብሎ ለመድረስ ከዱካ ተከታዮቹ አንዱ ቢላውን ይዞ ይሮጣል። ከደረሰ ሥጋው ለመንደሩ ይከፋፈላል፤ ካልደረሰ የክርስቲያን ጠባቂዎች ድርሻ ይሆናል። ልጆች የሚበሉት ብዙ ጊዜ ለስላሳውን፣ ትከሻውንና የጎድኑን አካባቢ ነው። አረሩ የሚያልፈውም እዚያው ነው። በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ እ.ኤ.አ. በ2008 ለችግረኞች በስጦታ የተሰጠ የአጋዘን ሥጋ ውስጥ የእርሳስ ቅንጣት በመገኘቱ ባለሥልጣናቱ ሥጋው እንዲጣል አዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። የሙነሳ ልጅ ከሰሜን ዳኮታ ልጅ በምን ያንሳል?

የሚነሱትን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ፤ ከአዳኞችም ከአሠሪዎችም ሰምቻቸዋለሁ። መዳብ ውድ ነው ይባላል። አንድ ሰው ለአውሮፕላኑ፣ ለካምፑ፣ ለፈቃዱ ያን ሁሉ ሺህ ዶላር አውጥቶ በጥቂት አሥር ዶላር የአረር ልዩነት ሊያመካኝ አይገባም፤ ለአንድ አደን የሚተኩሰው እኮ በጣት የሚቆጠር ነው።

መዳብ አይመታም፣ አይገድልም የሚለው ሁለተኛው ክርክር ከበድ ያለ ነው፤ ግማሽ እውነት አለበትና በቸልታ አላልፈውም። መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፤ ስለዚህ በክብደት እኩል የሆነ የመዳብ አረር ይረዝማል። ረጅም አረር ቀለሁ ውስጥ ጠልቆ የባሩዱን ቦታ ይሻማል፤ ሲወጣም ተስተካክሎ እንዲሽከረከር በአፈሙዙ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ጠበቅ ያለ መሆን አለበት፣ አለዚያ አየር ላይ ይንገዳገዳል። ለእርሳስ አረር የተለካውን ባሩድ እንዳለ ለመዳብ መጠቀምም አይቻልም፤ መዳብ ጠንካራ ስለሆነ በአፈሙዙ ሲያልፍ ግፊቱ ይለያል። ጫፉ በደንብ የሚከፈተውም ፍጥነቱ ካልወረደ ነው፤ ስለዚህ ከሩቅ መተኮስ አያዋጣም። መፍትሔው ግን በእጁ ለሚሞላ ሰው የታወቀ ነው። በክብደት አንድ ደረጃ ቀለል ያለ የመዳብ አረር መምረጥ፣ ለዚያ አረር ተለክቶ የታተመውን የባሩድ ሠንጠረዥ መከተል፣ ከመምጣቱ በፊት አገሩ ላይ ወረቀት ላይ ተኩሶ መፈተን። ጠመንጃውን በእርሳስ አስተካክሎ አደኑን በመዳብ የሚያደርግ ሰው ይስታል፤ ሲስት መዳቡን ይወቅሳል። ቀለል ያለው መዳብ ደግሞ ክብደቱን ይዞ ስለሚያልፍ በመንገድ ከሚፈራርሰው ከባድ እርሳስ የበለጠ ይዘልቃል፤ ይህን በቢላዬ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ጥንብ አንሳን የሚፈጀው ጥይት ሳይሆን መርዝ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው። ለጅብና ለውሻ የሚጣለው የተመረዘ ሥጋ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦም አለ። ደጋ አጋዘኑን ራሱን ያጠበበው እርሻውና ከብቱ እንጂ ፈቃድ ያለው አዳኝ አይደለም፤ ይህንንም አልክድም። መርዙን ለማስቆም ግን የሺህ መንደር ልማድ መለወጥ ይጠይቃል። የእርሳሱ ጉዳይ በየዓመቱ ጥቂት ሰዎች በአንድ በር ገብተው በአንድ በር የሚወጡበት ነው። በሩ ላይ የቆመ ሰው ሊጨርሰው የሚችለውን ሥራ ሌላ የሚከብድ ሥራ አለ ብሎ መተው አይገባም።

አደኑ ራሱ ይቅር የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። ከሙነሳ-ኩኬ እስከ አርባ ጉጉ፣ ከኦዶ ቡሉ እስከ ሀንቶ ያሉት ቀጠናዎች ውስጥ ደኑ ቆሞ የቆየው ከአደኑ ገንዘብ ስለሚገኝ ጭምር ነው። አንድ ያረጀ ወንድ ሲነሳ ሴቶቹና ግልገሎቹ የሚኖሩበት አስታና ጽድ ይጠበቃል። ግን ጥበቃ ብለን የምንጠራው ሥራ ራሱ መርዝ መዝራት የለበትም።

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ ቁጥር 163/2000 አሉን። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አረርን የሚመለከት አንድ መመሪያ ቢያወጣ በቂ ነው፤ በአደን ቀጠና የሚተኮስ አረር እርሳስ እንዳይኖረው። አዳኞች ከዓመት በፊት ስለሚመዘገቡ የአንድ የአደን ወቅት ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸው። እስከዚያው በእርሳስ የተገደለ አውሬ ሆድ ዕቃና በአረሩ ዙሪያ ያለው ሥጋ ሜዳ ላይ አይተው፤ ጅብ እንዳያወጣው ጠልቆ ይቀበር፣ ድንጋይ ይጫንበት።

ቁጥጥሩ ከባድ ነው እንዳይባል እንዴት እንደሚሠራ ልንገር። ጠመንጃው ሲመዘገብ አዳኙ የጥይት ሳጥኑን ያቅርብ። የፋብሪካ ከሆነ አረሩ ምን እንደሆነ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል። በእጁ የሞላው ከሆነ የአረሩን ዓይነትና ክብደት ጽፎ ይፈርም፤ ከመካከል አንድ ጥይት ይነሳ። አረርን ከቀለህ የሚነቅል መዶሻ መሰል መሣሪያ አለ፤ ጥይቱን ውስጡ አስገብቶ ጠንካራ ነገር ላይ ሁለት ሦስቴ መምታት ነው፣ አረሩ ይወልቃል፣ ባሩዱ ይደፋል። ይህን መማር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከዚያ አረሩን ማሰሪያ ላይ አስሮ በብረት መጋዝ ለሁለት መቁረጥ። ልቡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ግራጫ ከሆነ እርሳስ ነው፣ ሳጥኑ እዚያው ይቀራል። የተቆረጠው አረር በፖስታ ታሽጎ ከፈቃዱ ጋር ይያያዝ። አውሬው ሲገፈፍ ከሥጋው የሚወጣው አረር ከእሱ ጋር ይመሳከር፤ ያንን ለማድረግ ከቆዳ ገፋፊው የተሻለ ሰው የለም፣ ለሥራውም በቀን አበሉ ላይ ይታሰብለት።